የቀለም ነጋዴው ልጅ

ሐሪስ ኒውማርክ ባለቅኔም የታሪክ ሊቅም አልነበረም፤ በሎስ አንጀለስ የጅምላ ሸቀጥ ነጋዴ ነበር። ውድ አንባብያን፣ ስለ እርሱ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ሀብቱ ሳይሆን «ስድሳ ዓመታት በደቡብ ካሊፎርኒያ» የተባለው መጽሐፉ ነው።

ኒውማርክ እ.ኤ.አ. በ1834 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በምዕራብ ፕሩሲያ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ የጽሕፈትና የጫማ ቀለም እየሠራ ስዊድን ድረስ ወስዶ ይሸጥ ነበር። ልጁ ወንድሙን ተከትሎ በ1853፣ በ19 ዓመቱ፣ ሎስ አንጀለስ ገባ። በ1850ው ቆጠራ ከተማዪቱ 1,610 ነዋሪዎች ብቻ ነበሯት። ገበያው የሚነገድበት ቋንቋ እስፓኝኛ ነበርና ከእንግሊዝኛው አስቀድሞ እርሱን ተማረ። በ1910 የነዋሪው ቁጥር 319,198 ደረሰ። ስደተኛው ይህን ሁሉ ቆሞ አየ፤ በስተርጅናውም ጻፈው። ልጆቹ ሞሪስና ማርኮ አሰናዱለት፤ መጽሐፉ ኒውዮርክ የታተመው በ1916፣ እርሱ ባረፈበት ዓመት ነው።

አጻጻፉ የሒሳብ መዝገብ ይመስላል፦ ማን፣ መቼ፣ የት፣ በስንት። እኔ የባንክ ጸሐፊ ነኝና ይህ አልሰለቸኝም። የቴምፕልና የዎርክማን ባንክ በ1876 ሲወድቅ፣ አረጋዊው ዎርክማንም በዚያው ዓመት ራሱን ሲያጠፋ፣ ታሪኩ የደረሰባቸው ሰዎች ለኒውማርክ የሚያውቃቸው ጎረቤቶች ነበሩ። ኦክቶበር 24 ቀን 1871 ሕዝብ ተነሥቶ 18 ያህል ቻይናውያንን በገመድና በጥይት የገደለበትን ሌሊትም አልዘለለውም። ስምንት ሰዎች ተፈርዶባቸው ነበር፤ ፍርዱ ግን ኋላ ተሻረ። የከተማ ውዳሴ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለውን ቀን ዘልሎ ማለፍ ይቀልለዋል።

ነቀፌታም አለኝ። ስለ ነጋዴ ወዳጆቹ ሲጽፍ ብዕሩ ይረዝማል፤ ከመደብሩ ጓሮ ሸክም ስለሚያወርደው ሰው ሲሆን ያጥራል። ሆኖም ያየውን ባይጽፍልን ኖሮ ምን ይዘን እንነቅፈው ነበር?

በዚያችው ከተማ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተው ሰፈር መሠረቱ፤ በ2002 ሰፈሩ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ ተሰየመ። ስሙ በሰሌዳ ተጽፏል። የመጀመሪያውን ቤት ማን ተከራየ? ኪራዩስ ስንት ነበር? ጤፉ ከየት ይመጣ ነበር? እንጀራው ምጣድ ላይ እንቢ ሲል በምን ዱቄት ተደባለቀ? ይህን የሚያውቁት ሰዎች፣ ኒውማርክ ብዕሩን ባነሣበት ዕድሜ ላይ ሳይደርሱ አይቀሩም።