የይፋት ገበያዎች፦ ግመል ቆሞ በቅሎ የሚነሣበት አገር

የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች ስለ ትውልድ አካባቢያችን ታሪክ ጻፉ ሲሉን ለመምረጥ አልተቸገርኩም። የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ። ብዙዎቻችሁ ሸዋ ሮቢትን የምታውቋት ወደ ደሴ ስትሄዱ አረፍ ብላችሁ ሽንኩርት የምትገዙባት ሞቃት ከተማ አድርጋችሁ ነው። “ይፋት” ሲባል ደግሞ ከታሪክ ትምህርት የሚታወሰን የዓምደ ጽዮንና የሰብረዲን ጦርነት ነው። እኔ ስለ ገበያው ላውራ፤ ጦርነቱም ቢሆን ያለ ገበያው አይገባንምና።

ነገሩ የሚጀምረው ከመሬቱ ነው። አንኮበር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የቆላው ግመል ዳገቱ ይከብደዋል፤ የደጋው በቅሎና አህያ በረሃውን አይችሉትም። ስለዚህ ሸክሙ ተራራው ሥር መውረድ አለበት። በሌላው ዓለም ወንዝና ባሕር የሚገናኙበት ቦታ የንግድ ከተማ ይሆናል፤ በማላይ ምድር ያለችው ማላካ እንዲያ ነው የከበረችው። የእኛ አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ የእኛ ወደብ የተራራው ግርጌ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1285 የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልሎ ከያዘ በኋላ፣ ከዘይላ ወደ ደጋው የሚወጣው መንገድ በይፋት እጅ ገባ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የጻፈው ዐረቡ ሊቅ አል ዑመሪ፣ በይፋት የግብፅ ዲናርና ዲርሃም ይሠራበት እንደነበር ይነግረናል። በዚያው ዘመን ሐድያ የሚገበያየው በብረት ቁራጭ ነበር። ካይሮ የተመታ ገንዘብ ተራራችን ሥር ይቆጠር ነበር ማለት ነው! መንገዱ ምን ያህል ሩቅ እንደሚያደርስ ለማየት ደግሞ፣ ፖርቱጋላዊው ቶሜ ፒሬስ በ1512 እና 1515 መካከል ማላካ ተቀምጦ የከተማዋን ነጋዴዎች ሲዘረዝር ሐበሾችንም ቆጥሯል።

ወደ ጦርነቱ እንመለስ። በ1332 ዓምደ ጽዮን በሰብረዲን ላይ ሲዘምት፣ የንጉሡ ዜና መዋዕል ከሚዘረዝራቸው በደሎች መካከል የንጉሡ ነጋዴዎች መታሰርና የሰጣቸው ሀብት መዘረፍ ይገኙበታል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራትም የዘመኑን ፖለቲካ ሲተነትኑ ለንግድ መንገዱ ትልቅ ቦታ ሰጥተዋል። ጠቡን የሃይማኖት ብቻ አድርገን ስናስተምር፣ በሰላሙ ጊዜ ሁለቱ ወገኖች ሲገበያዩ የኖሩበትን ረጅም ዘመን እንረሳለን።

ሱልጣኔቱ ወደቀ፤ የተራራው ግርጌ ግን ሥራውን አልተወም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847) ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ የዐርብ ገበያዋ የታወቀ ነበር። አርጎባው፣ አፋሩ፣ የሐረር ነጋዴው፣ የደጋው አማራ እዚያ ይገናኛሉ። ከታጁራ በኩል ጨውና ጨርቅ ይመጣል፤ ከደጋው ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወርዳል። በ1841 የመጣው የእንግሊዙ ሻምበል ሃሪስ፣ ከእሱም ቀጥሎ ሐኪሙ ጆንስተን ይህንን በዝርዝር ጽፈዋል። ሳናለባብስ እንናገር፦ በአቅራቢያዋ ባለችው አብዱል ረሱል የሚሸጠው ሰው ነበር። ስለ ገበያው ስንኮራ፣ በዚያ መንገድ ታስረው ወደ ባሕር የወረዱትንም መቁጠር አለብን።

ታዲያ ምን ገደላት? መንገዱ ሄደባት። ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ፣ ኋላም ወደ አዲስ አበባ ወሰዱ። የጅቡቲው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ጣሊያን በ1930ዎቹ የጣርማ በርን ዋሻ ፈልፍሎ የደሴውን መንገድ ሲያወርድ፣ ዕድሉ አስፋልቱ ላይ ላሉት እንደ ሸዋ ሮቢት ላሉ ከተሞች ሆነ። ግመሉና አህያው ግን ዛሬም ይገናኛሉ፤ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ሄዶ ማየት ነው። አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ያን ቀን የሚጠያየቁት ዋጋ ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ ሲቃጠሉ ገበያ የሚቆመው በመተማመን ብቻ እንደሆነ በዓይናችን አይተናል። ነጋዴ የማያልፍበት መንገድ ከ1332 ጀምሮ የሚያደርሰው ወዴት እንደሆነ ይታወቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ድንጋዩ ነው። ፈረንሳዮቹ ፎቬልና ሂርሽ የመሩት ቡድን አስበሪን፣ መሳልንና ኖራን አጥንቶ የጥንት ከተሞች መሆናቸውን አሳይቷል። የኖራ መስጊድ ግድግዳ አሁንም ቆሟል። የወላስማ ሱልጣኖች መቃብርም ከነዐረብኛ ጽሑፉ ተገኝቷል። ግን ፍርስራሽ ነውና ዝናብ ይሸረሽረዋል፤ ለአጥር የሚሆን ድንጋይ የሚፈልግም አይጠፋም። ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ ነው።

እንግዲህ ለመምህራኖቻችን፦ የታሪክና የአርኪዮሎጂ ተማሪዎችን በየዓመቱ ወደዚያ የመስክ ጉዞ ውሰዱልን። ለእኛ ለምሩቃን ደግሞ፦ ማኅበራችን ከሚያሰባስበው መዋጮ ጥቂቱ ለመኪና ነዳጅና ለድምፅ መቅረጫ ቢውል፣ የአርጎባና የአፋር ሽማግሌዎች ስለ ሲራራ ንግዱ የሚያስታውሱት ይተርፋል። ድንጋዩ ትንሽ ይጠብቀን ይሆናል፤ ሽማግሌዎቹ ግን አይጠብቁንም።