ስቴንስሉና ቦርዱ

ጥሊሊ በቡሬና በእንጅባራ መካከል ያለች የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ ናት። የባሕር ዳር መንገደኛ በመስኮት አይቷት ያልፋል። እኛ ግን አንድ ክረምት፣ ከመንገዱ ዳር ካለች የሬዲዮ ጠጋኝ ክፍል ብዙ ቀን ተቀምጠንባታል። ጋሼ የምንላቸው የክፍሏ ባለቤት የአሮጌ ሬዲዮ ጀርባ ሲከፍቱ ቡናማ ሰሌዳ ብቅ ይላል፤ ባንድ ፊቱ ሬዚስተርና ካፓሲተር ቆመውበታል፣ በሌላው ፊቱ የመዳብ መስመር ተዘርግቶበታል። «ይኼ መስመር እኮ በእጅ አልተዘረጋም፤ ታትሞ ነው» አሉን። ታትሞ! ቃሏን ይዘን ነው ታሪኩን ለማገላበጥ የተነሣነው፤ እኛም ስቴንስል የምንቆርጥ ሰዎች ነንና።

ቀድሞ ሬዲዮ የሚሠራው በሽቦ ነበር። በፋብሪካው ሴቶች ላብ አደሮች በረድፍ ተቀምጠው ሽቦ ይቆርጣሉ፣ ይልጣሉ፣ ጫፍ ከጫፍ ይበይዳሉ። አንዷ ብትሳሳት የሚበላሸው አንድ ሬዲዮ ነው።

ይህን የለወጠው ፓውል አይስለር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ቪየና የተወለደ አይሁዳዊ መሐንዲስ ነው። በአገሩ በሙያው ሥራ ቢያጣ ከኅትመትና ከጋዜጣ ሥራ ተጠጋ፤ በ1936 ወደ ለንደን ተሰደደ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ስስ መዳብ በማያስተላልፍ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ የሚፈለገው መስመር በቀለም ይታተማል፤ ቀለም ያልሸፈነውን መዳብ አሲድ ይበላዋል፤ የቀረው መስመር ሽቦ ሆኖ ያገለግላል። ይህን ለአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ቢያቀርብ፣ ሥራውን ሴቶቹ በርካሽ ይሠሩታል ተብሎ እንደተመለሰ ራሱ በትዝታው ጽፏል። ልብ በሉ፤ የሠራተኛይቱ ደመወዝ ማነስ አንድን ፈጠራ ለዓመታት በር ላይ አቆመው። ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ከናዚ የሸሸውን ሰው እንግሊዞች ለጊዜው አሰሩት። ሲፈታ የተቀበለው የሙዚቃ ኖታ ያትም የነበረ ሄንደርሰንና ስፖልዲንግ የተባለ ድርጅት ነው። አይስለር ውሉን በቅጡ ሳያነብ ፈርሞ የፈጠራውን መብት አሳልፎ ሰጠ። (አንፍረድበት፤ ከመካከላችን የማደሪያ ውሉን አንብቦ የፈረመ ማነው?) የባለቤትነት ማመልከቻው የገባው በ1943 ነው።

የታተመ ሰርኪት በብዛት የተሠራው ግን ሙዚቃ ለማሰማት አልነበረም። አሜሪካኖች ዒላማው አጠገብ ሲደርስ ራሱ የሚፈነዳ የሞርታር ጥይት ሲሠሩ፣ ለፈንጂው መቆጣጠሪያ የሚሆነውን ሰርኪት በሴራሚክ ላይ በብር ቀለም አተሙት፤ ቀለሙ የሚያልፈው በሐር ወንፊት በኩል ነበር። ወንፊቱ የኛው ስቴንስል ወንድም ነው፤ ቀለም በተከፈተለት ያልፋል፣ በተዘጋበት ይቀራል። ከጦርነቱ በኋላ በ1949 ሞ አብራምሰንና ስታኒስላውስ ዳንኮ የተባሉ የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ክፍል ሰዎች የዕቃዎቹን እግር በቀዳዳ አሳልፎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ በቀለጠ ብየዳ የመንከር ዘዴ አመጡ። ያ የሴቶቹ ረድፍ መሳሳት የጀመረው ከዚህ ወዲህ ነው።

ንድፉ ግን ገና የእጅ ሥራ ነበር። ነዳፊው በላስቲክ ወረቀት ላይ ጥቁር ፕላስተር እየቆረጠ ከልኩ ሁለት ወይም አራት እጥፍ አድርጎ ይለጥፋል፤ ከዚያ በፎቶግራፍ ይቀነሳል። ይህን ወደ ማሽን ያዞረው ሌላው የቪየና ስደተኛ ጆሴፍ ገርበር ነው፤ በ1940 አሜሪካ የገባ። በብርሃን ፊልም ላይ የሚስሉ የድርጅቱ ማሽኖች የሚያነቡት የትእዛዝ ቋንቋ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ዛሬም ፋብሪካ ቦርድ ሲታዘዝ የሚጠይቀው «የገርበር ፋይል» ነው። ሂትለር ያባረራቸው ሁለት የአንድ ከተማ ልጆች በእያንዳንዱ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ አሉ።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ታሪኩ ያጥራል። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ሲከፈት የኤሌክትሪክ ሙያ ከትምህርቶቹ አንዱ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ በትራንዚስተር ሬዲዮ የሰማው ገበሬ፣ ቃሉ የራሱ አገር ቃል ነበር፤ ቦርዱ ግን በሌላ አገር ታትሞ የመጣ ነው። እኛ ከፍቶ መጠገንን እንጂ አትሞ ማውጣትን አልለመድንም። ዛሬ ንድፉን ለመማር እንኳ ገንዘብ አያግድም፤ ዣን-ፒየር ሻራስ በ1992 ፈረንሳይ አገር የጀመረው ኪካድ የተባለ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል።

እኛም በእሱ ሞከርን። ከ12 ቮልት የሶላር ባትሪ ለትንሽ ሬዲዮ የሚሆን 5 ቮልት የሚያወጣ ቦርድ ነበር። በመጀመሪያ ስኬማቲኩን ሣልን፤ ይኸውም ማን ከማን እንደሚገናኝ ብቻ የሚናገር ሥዕል ነው። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ዕቃ የእግሮቹን ቀዳዳ አቀማመጥ ሰጠነው፤ ዕቃዎቹን በሰሌዳው ላይ ደለደልን፤ መስመር ዘረጋን። ኮምፒዩተሩ የመስመሮቹን ርቀት መርምሮ «ስሕተት የለም» አለን። ታዲያ ምን ቀረ? የገርበሩን ፋይል፣ የቀዳዳውን ፋይልና የዕቃውን ዝርዝር አንድ ላይ አስረን፣ ጥግ ላይ «ሀ» ብለን ጽፈን አምስት ቦርድ ወደ ቻይና አዘዝን።

ቦርዶቹ መጡ፤ አምሮባቸዋል። የመጀመሪያውን በይደን ባትሪ ስናገናኝ ሬጉሌተሩ ጋለ፤ ቴስተሩ የሚያሳየውም 5 አይደለም። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሽቦ ዘመን ቢሆን አንዱ ይሳሳታል፣ አራቱ ይድናሉ፤ በኅትመት ግን አንድ ጊዜ ስቴንስሉ ላይ የተወጋ ፊደል በቅጂው ሁሉ ይወጣል። ስኬማቲኩን ሦስት ቀን ስናየው ከረምን፤ ትክክል ነው። ይዘን ጥሊሊ ወረድን።

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ስሙን ነው እንጂ እግሩን አይታችሁታል?» አሉ። አላየነውም። ትልቁ ሬጉሌተር 7805 ፊቱን ወደ እኛ ሲያዞር ከግራ መግቢያ፣ መሬት፣ መውጫ ነው። እኛ የገዛነው ትንሹ 78ኤል05 በተቃራኒው ከመውጫ ይጀምራል። ስማቸው ዘመድ ስለሆነ የታላቁን ቁጥር ለታናሹ ሰጥተነው ኖሯል። ኮምፒዩተሩ ርቀት እንጂ እግር አያውቅም። ጋሼ የጋለውን ነቅለው አዲስ ሬጉሌተር ፊቱን አዙረው በየዱ፤ ቴስተሩ 5 አለ። መሬቱ ከመሐል ስለሆነ ማዞሩ ብቻ በቃ። እድል ነው፤ ሁልጊዜ እንዲህ አይገኝም።

«ለ» ብለን ያስተካከልነውን ፋይል ከመላካችን በፊት ንድፉን በልኩ በወረቀት አተምነው። የዕቃዎቹን እግር አንድ በአንድ በወረቀቱ ላይ እየወጋን ፊታቸውን አየን። ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አነሡና ቀዳዳዎቹን መቁጠር ጀመሩ።