የአራት ክረምት አደራ

«ጠጅ በብርሌ፣ ነገር በምሳሌ» ይላሉ አበው። የዛሬው ነገሬ ስለ ጠጅ አይደለም፤ ብርሌም አልነበረኝም። ዋሽንግተን አካባቢ በረዶ በጣለበት አንድ የጥር ምሽት፣ ከሥራ ስመለስ ከሃያ ዶላር በታች የገዛሁትን ቡርቦን በውኃ ብርጭቆ ቀዳሁ። ኤቫን ዊሊያምስ የሚባለው፣ ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት ጠርሙስ ነው። ከመደርደሪያው ያነሳሁት ርካሽ ስለ ነበረ እንጂ ስለማውቀው አልነበረም።

መጀመሪያ አሸተትሁት፤ ቫኒላ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ ከሥሩም የእንጨት ጢስ። ስጎነጨው ምላሴን ቆነጠጠኝ፤ ሃምሳ በመቶው አልኮል ነውና። ጥቂት ውኃ ጠብ ሳደርግበት ግን ቁጣው በረደና የማውቀው ነገር ብቅ አለ፤ በነሐሴ ዝናብ አዲስ አበባ መንገድ ዳር ከሰል ላይ የሚጠበስ የበቆሎ እሸት። የናፍቆት ማታለል ነው ብዬ ነበር። ኋላ ሳነብ ምላሴ አለመዋሸቱን ተረዳሁ። በአሜሪካ ሕግ አንድ መጠጥ ቡርቦን ለመባል ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት፤ የሚያርፍበትም በርሜል አዲስና ውስጡ በእሳት የከሰለ የኦክ እንጨት ነው። በቆሎና ከሰል!

ከጣዕሙ ይበልጥ ያቆመኝ ግን ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ጽሑፍ ነው፤ «ቦትልድ ኢን ቦንድ»፤ በቦንድ የታሸገ እንደ ማለት። የባንክ ሠራተኛ ነኝና «ቦንድ» የሚለውን ቃል አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። ታሪኩን ፍለጋ ገባሁ። (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።)

በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በአሜሪካ የውስኪ ገበያ እውነትና ሐሰት ተደባልቀው ነበር። ውስኪ በአብዛኛው የሚሸጠው በበርሜል ነው። ከኬንታኪ የወጣው በርሜል ጠጪው ዘንድ እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል፤ በየእጁም ይበረዛል። አንዳንዱ ነጋዴ ጥሬ አልኮል ገዝቶ በተቃጠለ ስኳር ያቀልመዋል፣ በደረቀ ፕሪም ጭማቂ ያጣፍጠዋል፤ የባሰበትም ትምባሆ ይጨምርበታል። ከዚያ «ያረጀ ቡርቦን» ብሎ ይሸጠዋል። በ1870 ጆርጅ ጋርቪን ብራውን የተባለ የሉዊቪል ሰው ኦልድ ፎሬስተር የተሰኘውን ውስኪ በታሸገ ጠርሙስ ብቻ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ይሁንና ያ የአንድ ነጋዴ ቃል እንጂ ለገበያው ሁሉ ዋስ የሚሆን አልነበረም።

ዋሱ መንግሥት ይሁን ብለው ከተነሡት መካከል ግንባር ቀደሙ ኮሎኔል ኤድመንድ ሄይንስ ቴይለር ነበር፤ በኬንታኪዋ ፍራንክፈርት ከተማ ታዋቂ የውስኪ አምራች፣ ወደዚያ ሥራ ከመግባቱ በፊት ደግሞ የባንክ ሰው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆን ካርላይልም የኬንታኪ ተወላጅ ነበርና ደገፈው። ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ ሥልጣን ሊያስረክቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ማርች 3 ቀን 1897 ሕጉን ፈረሙበት። የዐድዋ ድል አንድ ዓመት ከሞላው ሁለት ቀን ሆኖት ነበር።

የሕጉ ቃል አጭር ነው። ውስኪው በአንድ አምራች፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ወቅት የወጣ ይሁን። መንግሥት በሚጠብቀው መጋዘን ቢያንስ አራት ዓመት ይቀመጥ። ሃምሳ በመቶ አልኮል ሆኖ ይታሸግ፤ ከንጹሕ ውኃም በቀር አንዳች አይጨመርበት። ወቅቱ ሁለት ነው፤ ከጃንዋሪ እስከ ጁን የጸደይ፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር የመከር። በጠርሙሱ አፍ ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ የመንግሥት ማኅተም ውስኪው በየትኛው ወቅት እንደ ወጣ፣ በየትኛውም እንደ ታሸገ ይናገር ነበር።

በእነዚያ አራት ዓመታት ውስጥ የሚሠራው አየሩ ነው። በሙቀቱ ወራት ውስኪው ይሰፋና ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፤ በብርዱ ወራት ይሰበሰብና የእንጨቱን ቀለምና ጣዕም ይዞ ይመለሳል። ከፊሉም በንኖ ይጠፋል፤ የጠፋውን «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። አጭበርባሪው በስኳርና በትምባሆ ሊያስመስለው የሚደክመው ይህንኑ ጊዜ ነበር።

መጋዘኑ ደግሞ በባለቤቱና በመንግሥቱ ሹም የጋራ ጥበቃ ሥር ነበር። ባለቤቱ ሹሙ በሌለበት የገዛ መጋዘኑን አይከፍትም። ሹሙ በመጀመሪያ የቆመው ለጠጪው አዝኖ አይደለም፤ ቀረጥ ሳይከፈል በርሜል እንዳይወጣ ነው። የ1897ቱ ሕግ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ለቀረጥ የቆመውን ዘበኛ ለእውነትም ምስክር አደረገው። መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ከ1920 እስከ 1933 ባለው ዘመን እንኳ፣ በሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት የሚወጣው ውስኪ ይህንኑ ማኅተም የያዘ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳልጽፍ ባልፍ ለማኅተሙ አድልቻለሁ። ባርነት በ1865 እስኪቀር ድረስ በኬንታኪ ውስኪ ቤቶች ከሚደክሙት ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። እሳቱን ያነደደው፣ በርሜሉን ያንከባለለው እጅ የእነርሱም እጅ ነው። ከ32 ዓመት በኋላ የወጣው ሕግ የአምራቹ ስም ይጻፍ ሲል፣ ሙያው በማን ጉልበት እንደ ቆመ የሚጻፍበት ቦታ አላበጀም። ማኅተም የሚመሰክረው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ሰነድ ሳገላብጥ የምውል ሰው ነኝና ይህን ከሥራዬም አውቀዋለሁ።

አረንጓዴው ማኅተም ቀርቷል፤ ሹሙም ከመጋዘኑ በር ከተነሣ ቆይቷል። ቃሉና ግዴታው ግን እስከ ዛሬ ጸንተዋል። የእኔ ጠርሙስ ከቡርቦን ሁሉ ምርጡ ነው አልልም፤ መጨረሻው ላይ እንጨቱ ትንሽ ይመርራል። ለብርድ ሌሊት ግን ከጥቂት ውኃ ጋር ደግ ጓደኛ ነው። በሃያ ዶላር የማይገዛውን አራት ዓመት ሳይሰርቅ አምጥቶልኛል።

በማግሥቱ ጠዋት በረዶውን ረግጬ ሥራ ገባሁ። የካዝናችን በር ሁለት ሰው ካልቆመ አይከፈትም። ከዚያ ቀደም ይህ ሥርዓት የጥርጣሬ ልጅ ይመስለኝ ነበር። ያን ዕለት ግን ባልደረባዬ እስክትመጣ በሩ አጠገብ ቆሜ ስጠብቅ ቅር አላለኝም።