በአንድ ወንጀል ሁለት ቅጣት

አንድ መጋዘን ሰብረው የሰረቁ ሁለት ሰዎች በተለያየ ቀን፣ በተለያዩ ዳኞች ፊት ቀርበው አንደኛው ስድስት ዓመት እስራት ሲፈረድበት ሁለተኛው በገደብ ተለቀቀ እንበል። የታሰረው ሰው ይግባኝ ቢል ምን ብሎ ይከራከራል? ቅጣቱ ለብቻው ሲመረመር ከሕጉ ወሰን አልወጣም፤ ምናልባትም የሚገባው ነው። ስሕተት አለ ከተባለ የሚገኘው በጓደኛው ፍርድ ላይ ነው። ጓደኛው ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ፊት አልቀረበም።

ይህ ጥያቄ የብዙ አገር ዳኞችን ሲያስጨንቅ ኖሯል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1907 በወጣው ሕግ የተቋቋመው የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት ቅጣትን ለመቀነስም ለማክበድም ሥልጣን ነበረው፤ የማክበዱ ሥልጣን በ1966 ቀረ። ለእንዲህ ያለው ይግባኝ ባይ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ፣ ለአንዱ ያለ መጠን ስለ ተራሩ ለሌላውም መድገም አይገባም የሚል ነው። መልሱ ለሕግ ሰው ጆሮ ያማረ ቢሆንም፣ በአንድ ሌሊት አብረው የሠሩት ወንጀል አንዱን የእናት ልጅ፣ ሌላውን የእንጀራ ልጅ ሲያደርግ ለሚያይ ሰው አጥጋቢ አይደለም። ዳኛ ሎተን በ1983 በፎሴት ጉዳይ ያስቀመጡት መለኪያም ይህንኑ ተመልካች ያስታወሰ ነበር፤ ነገሩን ሁሉ በሚገባ የሚያውቅ ቀና አሳቢ ሰው ቅጣቱን ቢሰማ፣ በፍትሕ አሰጣጡ ላይ አንድ ነገር ተበላሽቷል ይላልን? የሚል ነው።

በሚቀጥለው ዓመት የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሎው ጉዳይ መሠረቱን በግልጥ አኖረ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚደንት ጊብስ እንዳስረዱት፣ ይግባኝ ሰሚው ጣልቃ የሚገባው ልዩነቱ ለተቀጣው ሰው ተገቢ ቅሬታ የሚሰጥ፣ ወይም ፍትሕ እንደ ተጓደለ የሚያስመስል ሲሆን ነው። የወንጀለኛው ቅናት ብቻ በቂ አይደለም። በ1997 ደግሞ በፖስቲሊዮን ጉዳይ፣ ንጽጽሩ በወረቀት ላይ በሰፈረው የዓመት ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ ቀድሞ ከነበረባቸው እስራት ጋር ተደምሮ እያንዳንዱ ሰው በእርግጥ በሚታሰረው ዘመን መሆን እንዳለበት ተወሰነ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የ2011ዱ ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስ ካናቢስ በማብቀል ተካፋይ በሆኑ ሁለት ሰዎች ላይ ዐቃቤ ሕግ ቅጣቱ አንሷል ሲል ይግባኝ ጠየቀ፤ ድርሻው አነስ ባለውና ቀለል ያለ ቅጣት ባገኘው ሦስተኛው ግብረ አበር ላይ ግን ይግባኝ አላለም። ይግባኝ ሰሚው አምስት ዳኞች ተሰይመውበት በድምፅ ብልጫ የሁለቱን ቅጣት አከበደ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ጭማሪውን ሽሮ የመጀመሪያውን ቅጣት መለሰ፤ ሥር የነበረውን ሚዛን የሰበረው ራሱ ይግባኙ ነበርና። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ የሚልበትን ሰው ሲመርጥ የእኩልነትንም ነገር እንደሚመርጥ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ጉዳይ አይገኝም።

የኢትዮጵያ ሕግ ወደዚሁ ጉዳይ የገባው በሌላ በር ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የአንዱ ተካፋይ የግል ሁኔታ ወደ ሌላው እንደማይተላለፍ ደነገገ፤ የ1996ቱም ሕግ ይህንኑ ያዘ። ስለዚህ ወጣትነት፣ ጸጸት ወይም የቀድሞ ጥፋት ያመጣው ልዩነት በራሱ በደል አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን በአንቀጽ 196 ርኅራኄ ያለበት ሥርዓት አስገባ። አብረው ከተፈረደባቸው ሰዎች አንዱ ይግባኝ ብሎ የሚጠቅም ፍርድ ሲያገኝ፣ ይግባኝ ቢል ኖሮ በዚያው ይጠቀም የነበረው ዝምተኛ ጓደኛውም የፍርዱ ተካፋይ ይሆናል፤ የሚጎዳው ፍርድ ግን አይደርስበትም። ጠበቃ አጥቶ ወይም ቀኑ አልፎበት ወህኒ ቤት የቀረውን ሰው ሕጉ ራሱ ይፈልገዋል ማለት ነው።

ሆኖም አንቀጹ የተገኘውን ፍርድ ያዳርሳል እንጂ ቅጣትን ከቅጣት አስተያይ ብሎ አያዝም። መጋዘን ሰባሪው ባለ ስድስት ዓመት ከዚህ አንቀጽ የሚያገኘው የለም፤ ጓደኛው የተጠቀመው በይግባኝ ሳይሆን በሥር ፍርድ ነውና። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 እና በ2006 ዓ.ም. ያወጣቸው የቅጣት አወሳሰን መመሪያዎች ልዩነቱ ከምንጩ እንዲጠብ የታሰቡ ናቸው። በይግባኝ ደረጃ ግን ንጽጽሩ የሚቻለው የሥር ዳኛው ለእያንዳንዱ ተከሳሽ ያቀለለበትን ወይም ያከበደበትን ምክንያት ለይቶ ሲጽፍ፣ ጠበቃውም የግብረ አበሩን ፍርድ ግልባጭ ከይግባኝ ማመልከቻው ጋር ሲያያይዝ ነው።