የቀን ገቢው ስንት ነው? የንግድ መረጃ አሰባሰብና አመዳደብ

በ2009 ዓ.ም. ክረምት የኢትዮጵያ ነጋዴ ዋነኛ መነጋገሪያ የቀን ገቢ ግምት ነበር። ገማቾች ከሱቅ ሱቅ እየተዘዋወሩ የሒሳብ መዝገብ የማይዙ አነስተኛ ነጋዴዎች በቀን ምን ያህል እንደሚሸጡ ገመቱ። ውጤቱ ሲነገር ብዙዎች «ተጋነነብን» ብለው አቤቱታ አቀረቡ፤ በሐምሌ ወር በአምቦ፣ በወሊሶና በሌሎች ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። ስለ ግብር ፍትሐዊነቱ በወቅቱ ብዙ ተብሏል። ብዙም ያልተነሳው ስታቲስቲክሳዊ ጥያቄው ነው፦ ያ ቁጥር በምን መንገድ ተሰበሰበ? ከተሰበሰበ በኋላስ በየትኛው ምድብ ገባ?

የአንድን ሱቅ ሽያጭ ለማወቅ ባለቤቱን መጠየቅ፣ ሲሸጥ ቆሞ ማየት ወይም ሰነዱን ማገላበጥ ይቻላል። ቀላል የሚመስለው መጠየቁ ነው። ሆኖም «በቀን ስንት ታገኛለህ?» የተባለ ባለሱቅ ወጪውን ቀንሶ የሚተርፈውን ሊናገር ይችላል፤ ጠያቂው ደግሞ ጠቅላላ ሽያጩን መዝግቦ ይሄዳል። ሁለቱም ሳይዋሹ ቁጥሩ ይበላሻል። በዚያ ላይ መልሱ ግብር የሚያስጨምር ከሆነ መላሹ ዝቅ አድርጎ መናገሩ አይቀርም። የስታቲስቲክስ ሕጎች የእያንዳንዱ ሰው መልስ በምስጢር እንዲያዝ የሚያዙት ለዚህ ነው፤ ግብር ሰብሳቢና መረጃ ሰብሳቢ አንድ ሰው ሲሆኑ እውነተኛ መልስ መጠበቅ ያስቸግራል።

ምልከታ ከዚህ ችግር ነፃ ይመስላል፤ ዓይን ያየውን መመዝገብ ነውና። እዚህ ላይ የሚወስነው የትኛው ቀን እንደታየ ነው። ልኳንዳ ቤት በዐቢይ ጾም 55 ቀናት አንድ ዓይነት፣ በፋሲካ ማግስት ሌላ ዓይነት ነው። ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥ ሰው የመስከረም ገበያውን በግንቦት አያገኘውም።

ነገሩን በአኃዝ ማየት ይጠቅማል። አንድ ባለሱቅ በሳምንት 6 ቀን ይሠራል እንበል። በ5ቱ ቀናት 1,000፣ በገበያ ቀን ደግሞ 4,000 ብር ይሸጣል። ገማቹ የመጣው በገበያ ቀን ከሆነና ዓመቱን በ300 የሥራ ቀናት ካሰላው የዓመቱ ሽያጭ 1,200,000 ብር ይሆናል። በአዘቦት ቀን ከመጣ ደግሞ 300,000 ብር ብቻ። ሁለቱን ዓይነት ቀናት ለየብቻ አይቶ፣ ለእያንዳንዱ በሳምንቱ ውስጥ ያለውን ድርሻ ቢሰጥ የቀኑ አማካይ 1,500፣ የዓመቱ 450,000 ብር ይመጣል። በስታቲስቲክስ ይህ በንብርብር የተከፋፈለ ናሙና ይባላል፤ ናሙናው የሚወሰደው ከሱቆች ብቻ ሳይሆን ከቀናትም ነው። አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ በመመለስ የሚገኝ ግምት፣ ገማቹ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ የአንድን ቤተሰብ መተዳደሪያ ለሚነካ ግብር መሠረት ሊሆን አይገባም።

የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝና የአቅራቢዎች ፋክቱር የሦስተኛው መንገድ፣ የሰነድ ምንጮች ናቸው። ለሌላ ዓላማ የተዘጋጁ ስለሆኑ ተመራማሪው የጎደለውን መጠየቅ አለበት፤ ያለ ደረሰኝ የተሸጠው እዚያ ውስጥ የለም። ያም ሆኖ ባለሱቁ የተናገረውን ከጅምላ ሻጩ ከገዛው ዕቃ ጋር ማመሳከር ከሁሉም የተሻለ ማጣሪያ ነው።

አሁን ወደ ምድብ እንሻገር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር ከፋዮችን በሦስት ደረጃ ከፈለ። ዓመታዊ ገቢያቸው 1,000,000 ብር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ግለሰቦች፣ እንዲሁም ድርጅቶች በሙሉ፣ ደረጃ «ሀ» ነበሩ። 500,000 ብር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከ1,000,000 ብር በታች የሚያገኙ ደረጃ «ለ»፣ ከ500,000 በታች ያሉት ደግሞ ደረጃ «ሐ» ይባሉ ነበር። የድንበሩን አጻጻፍ ልብ ይሏል። «ከ500,000 እስከ 1,000,000» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ ልክ 1,000,000 ያለው ሰው በሁለት ምድብ ይገባ ነበር። ጥሩ ምድብ አይደራረብም፤ በመካከሉም ክፍተት አይተውም። ከላይ ያየነው ባለሱቅ ታዲያ በዚያ አመዳደብ በትክክለኛው አማካይ ደረጃ «ሐ» ይሆን ነበር፤ በገበያ ቀን ግምት ግን «ሀ» ውስጥ ይወድቅ ነበር። የአሰባሰቡ ስሕተት ወደ ምድቡ ሲሻገር ሁለት ደረጃ ያዘልላል።

የምድቦች ስፋት እኩል መሆን አለበት የሚለው ልማድ ደግሞ ሁልጊዜ አይሠራም። ለዚህ የኢትዮጵያ ቡና ጥሩ ምስክር ነው። ከጭነቱ 300 ግራም ናሙና ተወስዶ እንከን ያለባቸው ፍሬዎች ይቆጠራሉ፦ ጥቁር፣ ጎምዛዛ፣ በነፍሳት የተበላ። በተለመደው አመዳደብ እስከ 3 እንከን ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 12 ደረጃ 2፣ ከ13 እስከ 25 ደረጃ 3፣ ከ26 እስከ 45 ደረጃ 4 ነው። እርከኖቹ ወደ ታች እየሰፉ ይሄዳሉ። ምርጡን ቡና ለሚገዛ ሰው በ2 እና በ8 እንከን መካከል ያለው ልዩነት ዋጋ ይለውጣል፤ 30 እና 36 ግን ለገዢው ብዙም አይለያዩም። ሁሉም እርከን 20 እንከን ይያዝ ቢባል ምርጡ ቡና ከመካከለኛው ጋር ይደባለቅ ነበር። ስፋታቸው የተለያዩ እርከኖችን በሂስቶግራም የሚስል ሰው ግን ድግግሞሹን ለስፋቱ ማካፈል አለበት፤ አለዚያ ሰፊው እርከን ያለ አግባብ ገዝፎ ይታያል።

በሠራተኛ ብዛት የሚደረግ ምደባም የራሱ ወጥመድ አለው። በኢትዮጵያ የፋብሪካ ጥናቶች 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውና በሞተር ኃይል የሚሠራ ተቋም «ከፍተኛና መካከለኛ» ይባላል፤ ከ10 በታች ከሆነ «አነስተኛ» ነው። 9 ሠራተኛ የነበረው የብረታ ብረት ወርክሾፕ አንድ ሰው ሲቀጥር ከአንዱ ሰንጠረዥ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። በዚያ ዓመት የከፍተኛና መካከለኛ ፋብሪካዎች ቁጥር ጨመረ ቢባል፣ አዲስ ፋብሪካ ተከፈተ ማለት ላይሆን ይችላል።

በጊዜ መመደብም በእኛ አገር ጥንቃቄ ይሻል። የወር ሽያጭን በ13 ወር የዘረዘረ ሰንጠረዥ ጳጉሜን ላይ ገደል የገባ ያስመስለዋል፤ 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ናትና። የቀን አማካይ ቢወሰድ ግን የዘመን መለወጫ ዋዜማ ገበያ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል።

በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሎ ደረጃዎቹ ሁለት ብቻ ሆኑ፤ ወሰኑም 2,000,000 ብር ነው። ከዚያ በፊት «ለ» የነበረና ዛሬ «ለ» የተባለ ነጋዴ አንድ አይደሉም። የንግድ ጽሕፈት ቤቶችም ሆኑ ተመራማሪዎች መዝገባቸው ላይ ደረጃውን ብቻ ጽፈው አይለፉ፤ ጥሬውን የሽያጭ አኃዝ፣ የተሰበሰበበትን ቀንና መንገድ አብረው ያስቀምጡ። እሱ ካለ የቆየውን መረጃ በአዲሱ ምድብ መልሶ ማደራጀት ይቻላል።