የግብርና መምህርነት፦ ከጥቁር ሰሌዳ እስከ ሠርቶ ማሳያ

ከአዲስ አበባ በሰበታ በኩል የሚወጣው መንገድ ጅማ፣ በቡራዩ በኩል የሚወጣው ደግሞ አምቦ ያደርሳል። የኢትዮጵያ ዘመናዊ የግብርና ትምህርት ቀዳሚ ማዕከላትም እነዚሁ ሁለት ከተሞች ናቸው፤ የአምቦው ትምህርት ቤት በ1939 ዓ.ም.፣ የጅማው እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1945 ዓ.ም. ተከፈቱ።

በጅማ የመጀመሪያዎቹ መምህራን በአብዛኛው ከአሜሪካ ኦክላሆማ የመጡ ነበሩ። አመጣጣቸውም በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው የፖይንት ፎር የቴክኒክ ዕርዳታ ስምምነት ነው። በጅማ የተጀመረው የኮሌጅ ትምህርት በ1949 ዓ.ም. ወደ ዓለማያ ተዛወረ፤ ኮሌጁንም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 8 ቀን 1950 ዓ.ም. መርቀው ከፈቱ። ማስተማር፣ ምርምርና ኤክስቴንሽን (ገበሬን ማስተማር) በአንድ ጣሪያ ሥር ስለነበሩ መምህሩ ከክፍል ወጥቶ ገበሬ ማሳ ድረስ መዝለቅ ይጠበቅበት ነበር። የኦክላሆማ መምህራን የሚሠሩበት ውል በ1960 ዓ.ም. ሲያበቃ ኮሌጁ ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ።

ይሁን እንጂ ሙያው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የኤክስቴንሽን ሥራ በ1950ዎቹ አጋማሽ ከኮሌጁ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ሲተላለፍ ገበሬን ማስተማር የሚኒስቴሩ ሠራተኛ፣ ተማሪን ማስተማር ደግሞ የመምህሩ ድርሻ ሆነ።

ሁለቱን መልሶ ያቀራረበው ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው የግብርና ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው። እንደ አላጌ፣ አጋርፋና አርዳይታ ያሉ 25 ኮሌጆች ለየቀበሌው በዕፅዋት፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ 3 የልማት ጣቢያ ሠራተኞች እንዲመደቡ ታስቦ ያሠለጥኑ ጀመር። በገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከል የልማት ሠራተኛው መማሪያ መጽሐፉ ማሳው ነው፤ በአንዱ መደብ ጤፍ በብተና፣ በሌላው በመስመር ይዘራል፤ ገበሬው የሁለቱን አገዳና ዛላ በዓይኑ አይቶ ይፈርዳል።

በቅርቡ ደግሞ ሙያው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመልሷል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብርና የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የትምህርት ዓይነት ሆኗል። ትምህርቱ ግን ማሳ እየጠበበ ባለበት በአዲስ አበባ ዙሪያም ይሰጣል፤ በዚያ በ2015 ዓ.ም. ፉሪ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። በሱሉልታ የወተት ላምና ድርቆሽ፣ በሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፤ የእርሻው መሬት ግን በቤትና በፋብሪካ እየተተካ ነው። በዚህ አካባቢ የሚመደብ የግብርና መምህር ማሳ የሌለውን ተማሪ ስለሚያስተምር ከበሬና ከሞፈር ይልቅ የጓሮ አትክልትን፣ የዶሮ እርባታንና የመኖ ዝግጅትን ይዞ መቅረብ ግድ ይለዋል።