የእጣው መዝገብ በማን እጅ ይቀመጥ?

ልደታ ኮንዶሚኒየም የቆመው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው በተጠረገ መሬት ላይ ነው። ዛሬ እዚያ ሰፈር «የማን ቤት ነው?» ሲባል መልሱ ብሎክና የቤት ቁጥር ነው። በከተማው የኮንዶሚኒየም ቁልፍ የሚገኘው በአብዛኛው በእጣ ነው፤ እጣው ሐሜት ባይጠፋውም ሕዝቡ ተቀብሎት ኖሯል።

ሐምሌ 1 ቀን 2014 የ14ኛው ዙር እጣ ወጣ፤ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች። ከ1997 ጀምሮ ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች ስማቸውን አይተው እልል አሉ። ቀናት ሳይቆጠሩ የከተማ አስተዳደሩ ራሱ እጣውን ሰረዘው። ባንክ ብቁ ናቸው ብሎ የላከው የቆጣቢዎች ቁጥር ወደ 79 ሺህ ሆኖ ሳለ፣ እጣ ማውጫው ሶፍትዌር ውስጥ የተገኘው ግን ከ172 ሺህ በላይ ነበር። ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ታሰሩ፤ እጣው በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። በሐምሌ እልል ብሎ በኅዳር ስሙን ላጣ ሰው ግን ይህ «የሲስተም ችግር» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ጉዱ የተሠራው እጣው ሲሽከረከር ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው፤ ዝርዝሩ ከባንክ ወጥቶ ሶፍትዌሩ ውስጥ እስኪገባ ባለው መንገድ ላይ። እቁብ ላይ ጸሐፊው ቤቱ ሄዶ ብቻውን እጣ ጠቅልሎ ቢመጣ ማን ይቀበለዋል? ወረቀቱ አባላቱ ፊት ይጻፋል፣ ይቆጠራል፣ ይጠቀለላል።

ብሎክቼይን የሚባለው ነገርም ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1991 ስቱዋርት ሀበርና ስኮት ስቶርኔታ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰነድ ከተመዘገበ በኋላ እንዳይነካካ አንድ ዘዴ አሳተሙ፦ ሰነዱን በሒሳብ ቀመር ወደ አጭር አሻራ መለወጥ፣ አሻራውንም ከቀደሙት ጋር ማሰር። አንድ ስም ቢጨመር አሻራው ሌላ ይሆናል። በኋላም አሻራው በኒውዮርክ ታይምስ ማስታወቂያ ገጽ በየሳምንቱ ይወጣ ጀመር፤ ጋዜጣው በሺዎች ቤት ስላለ ማንም ሰብስቦ ሊያርመው አይችልም። የቢትኮይን ፈጣሪ በ2008 ሥራቸውን ጠቅሶ፣ በጋዜጣው ፈንታ መዝገቡን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ አኖረው።

አገራችን ለቴክኖሎጂው ባዕድ አይደለችም። በሚያዝያ 2013 ትምህርት ሚኒስቴር ካርዳኖን ከሚያበለጽገው ኩባንያ ጋር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን መረጃ በብሎክቼይን ለመያዝ መስማማቱ በዓለም ዜና ሆነ። ከዓመት በኋላ ግን የቤት ፈላጊው ዝርዝር እንዲያ ተደበላለቀ!

ብሎክቼይን ተአምር አይሠራም። ባንኩ ራሱ ያልቆጠበን ሰው «ቆጥቧል» ብሎ ቢመዘግብ ሰንሰለቱ ውሸቱን በታማኝነት ጠብቆ ያኖራል። የ2014ቱ ችግር ግን ሁለት ቢሮዎች መካከል ነበር፤ እዚያ ላይ ያግዛል። ዝርዝሩን ባንኩ፣ አስተዳደሩና የቆጣቢ ተወካዮች ለየብቻ ቢይዙት፣ በአንዱ ጋ የገባ ተጨማሪ ስም ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ወዲያው ይጋለጣል። ሙሉ ሰንሰለት መዘርጋቱ ቢከብድ እንኳ ከእጣው ዋዜማ የዝርዝሩን አሻራ አዲስ ዘመን ላይ ማተም ይቻላል። የማንንም ስም አይገልጥም፤ 64 ፊደልና ቁጥር ነው፣ ከአንዲት የጨረታ ማስታወቂያ ያነሰ ቦታ ይበቃዋል።